«እንደ ላዩ» የተባሉ ሰዎች

ኑ፣ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። የቆማችሁም ተቀመጡ፤ ነገሩ ረዘም ይላል፣ ቆሞ የሚሰማ ሰው ደግሞ ዓይኑ በር በሩን ነው የሚያየው። እግራችሁን ዘርጉ፣ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። አንዲት የመዝገብ ቤት ሠራተኛና አንድ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ ስልሳ አንድ ሰው ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ሲሉ እንዴት ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጩ እንደዋሉ ላጫውታችሁ።

ሴትዮዋ የምትሠራው ዓይን ብቻ በሚታከምበት ክሊኒክ ነው። ክፍሏ ከመተላለፊያው መጨረሻ ናት፤ መስኮቷን ግማሽ ድረስ የካርድ መደርደሪያ ጋርዶታል፣ በሯ ደግሞ ከፍ አድርገው ካልገፏት አትገጥምም። ሃያ ስድስት ዓመት እዚያች ክፍል ተቀምጣለች። ሰዉ «እትዬ ማስመሪያ» ይላታል፤ ከኋላዋ ብቻ አይደለም፣ ፊት ለፊቷም። ማስመሪያ ከእጇ አይጠፋማ። አዲስ መዝገብ ሲመጣላት ገጹን ሁሉ ራሷ አስምራ ሰባት ዓምድ ታወጣለታለች፤ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የአባት ስም፣ ዕድሜ፣ ሰፈር፣ ስልክ፣ የሚታከመው ዓይን። መስመሯ የተወጠረ ክር ነው። ጽሑፏን ያየ ሰው ከማተሚያ ቤት የወጣ ይመስለዋል። በመዝገቧ ትኮራለች፣ ኩራቷንም አትደብቅም።

መዝገቡ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ያለባቸው ሰዎች ተራ የሚጠብቁበት ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠሩት ሐኪሞች ከሩቅ ነው የሚመጡት፣ ያውም በዓመት አንድ ጊዜ። ሲመጡ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ዝርዝሩ ላይ ለተጻፈው ዓይኑ የሚሆነውን ሌንስ አዘጋጅተው ነው። የሰውየው ካርድ «ቀኝ» እያለ ዝርዝሩ «ግራ» ካለ፣ ሰውየው ሳይነካ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ዝርዝሩ ላይ ጭራሽ ካልተገኘም እንደዚያው። ይግባኝ የለውም፣ ለከርሞ ነው።

ይህ «ለከርሞ» የሚሉት ቃል ለእትዬ ማስመሪያ ቀላል አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ መዝገቡ ላይ ነበረ። ልብስ ሰፊ ነው። ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ካቃተው ሁለት ዓመት ሆነው፤ የስፌት መኪናው ጨርቅ ተደርቦበት ጥግ ቆሟል፣ እሱም እሷ ቤት ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ከሬዲዮ ጋር ይጣላል። ተራውን ልታስቀድምለት ትችል ነበር፣ እስክሪብቶው በእጇ ነው። አላደረገችውም። ቁጥሩ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ነው፣ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት ሆኖ ጠበቀ። ዘንድሮ ተራው ደረሰው።

ታዲያ ሐኪሞቹ ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ዝርዝር በወረቀት አንቀበልም፣ በዳታቤዝ፣ ማለትም ኮምፒውተር ውስጥ ባለው ሰንጠረዥ፣ ብቻ ይሁን፤ ሐሙስ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሰንጠረዡ ይዘጋል፣ ከዚያ ወዲያ ሰው አይገባም። ባለሙያም ላኩላት። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጃኬቱን አያወልቅም፣ የአሥራ አንድ ሰዓቱን አውቶቡስ ትኬት ደረት ኪሱ አድርጎ በየደቂቃው ይዳብሳታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት መቶ ሰዎች አሮጌው ኮምፒውተር ሳይበላሽ ተጽፈው ስለነበር ወዲያው ተዛወሩ። የቀሩት ሦስተኛው መዝገብ ላይ ያሉት ስልሳ አንድ ናቸው። እነሱ የሚገቡት በእጅ ነው፤ እሷ እያነበበች፣ እሱ እየጻፈ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወንበር አጋጥመው ተቀመጡ።

«ይኸውልዎት እትዬ፣ ትእዛዙ ቀላል ነው» አላት። «ኢንሰርት ኢንቱ ይላል፣ ወደዚህ አስገባ ማለት ነው። ቀጥሎ የሰንጠረዡ ስም። ቀጥሎ በቅንፍ የዓምዶቹ ስም። ከዚያ ቫሊውስ እላለሁ፣ የሚገባው ይሄ ነው እንደማለት። ከዚያ ሌላ ቅንፍ እከፍትና ሰውየውን አስገብቼ እዘጋለሁ።»

«ሰውየውን ቅንፍ ውስጥ?»

«ቅንፍ ውስጥ። በየመሃሉ ነጠላ ሰረዝ።»

«እሺ፣ ይሁንለት።»

የመጀመሪያውን ሰው አነበበችለት። ስሙን ካባቱ ጋር፣ እንደሚጠራው በአንድ ትንፋሽ። ባለሙያው ጻፈና ተጫነው። ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ።

«ምን አለ?»

«ዓምዶቹ ሰባት ናቸው፣ የሰጣችሁኝ ስድስት ነው አለ። የአባቱን ስም ለብቻ ይንገሩኝ።»

«ሰው ካባቱ ተለይቶ ይጠራል?»

«እዚህ ይጠራል።»

ለየችለት። ገባ። ሁለተኛውም ገባ። ሦስተኛው ላይ ዕድሜ የሚለው ዓምድ ውስጥ፣ ባማረው ጽሑፏ፣ «ሸምገል ያሉ» ይላል።

«ሸምገል ያሉ ስንት ነው?»

«ዕድሜያቸውን አያውቁትም። አይቼ ነው የጻፍኩት።»

«እትዬ፣ ይሄ ዓምድ ቁጥር ብቻ ነው የሚቀበለው።»

«እኔ የሰው ዕድሜ ከኪሴ አላወጣም።»

ተፋጠጡ። በመጨረሻ ሽማግሌው ጋ ተደወለ። ሽማግሌውም ሰባም ሰማንያም ሊሆን ይችላል፣ እናንተ የሚመቻችሁን ጻፉ አሉ። ሰባ አምስት ተብለው ገቡ። እንዲህ እንዲህ እያሉ አንድ ሰዓት ተኩል ሄደ፣ የገባው ሰው ዘጠኝ ነው። ዋናዋ ነርስ፣ ሲስተር የሚሏት፣ በሩን ከፍ አድርጋ ገፍታ ብቅ አለችና «አለቀ?» አለች።

«አላለቀም» አሉ ሁለቱም።

ባለሙያው ትኬቱን ዳበሰ። «በዚህ አያያዛችን እንኳን ለዛሬ ለነገም አንደርስ። የገቡትን ላጥፋቸውና ስልሳ አንዱንም በአንድ ትእዛዝ እደረድራቸዋለሁ። አንዴ ኢንሰርት፣ ከሥሩ ሰዉ በቅንፍ በቅንፍ። እርስዎ ሳያቆሙ ያንብቡልኝ።»

ሳታቆም አነበበች። እሷ ስታነብ ደግሞ አነባበብ አላት፤ ድምጿ ወረድ ብሎ እንደ ወንዝ ይፈስሳል። የአንዱ ሰፈር ከበላዩ ካለው ሰው ሰፈር ጋር አንድ ከሆነ፣ መዝገቡ ላይ ሁለት ጭረት ታደርጋለች፣ ስታነበው «እንደ ላዩ» ትላለች። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችበት ነው፣ ቀለምም ይቆጥባል፣ ገጹንም ያሳምረዋል። «ሰፈር፣ እንደ ላዩ። ስልኩ ይሄ። ዓይን፣ እንደ ላዩ።» ባለሙያው የሰማውን ይጽፋል። ጣቱ የሚሠራው ከጆሮው ጋር ብቻ ነበር፣ ልቡ አውቶቡስ መናኸሪያ ደርሷል።

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የመጨረሻው ቅንፍ ተዘጋ። ተጫነው። ቀይ።

«አሁንስ ምን ጎደለበት?»

«ሁለት መቶ አርባ አንድ ላይ ሀ አለ ብሎ ነው። ቁጥር ነው የጠየቅኩት፣ ሀ ምን አመጣው ይላል።»

«ሁለት መቶ አርባ አንድ ሀ እና ለ ናቸው። ባልና ሚስት ናቸው፣ አብረው መጡ፣ አንድ ቁጥር ሰጠኋቸው።»

«ሀውን ባነሳው ሁለቱም ሁለት መቶ አርባ አንድ ሊሆኑ ነው። አንድ ቁጥር ሁለት ሰው አይዝም።»

«አርባ ዓመት አንድ ቤት ይዘው የለ?»

«ቤት ሌላ፣ ቁጥር ሌላ ነው እትዬ። ሚስትየዋ መጨረሻ ይሁኑ፣ ሁለት መቶ ስልሳ አንድ።»

«ለአንድ ሀ ብሎ ስልሳውንም ሰው መለሰው?»

«አዎ። በአንድ ትእዛዝ የገባ፣ አንዱ ከተበላሸ ሁሉም ይመለሳል።»

«እኔ ይሄ በሩ ላይ ዘበኛ ቢሆን አልገባበትም ነበር» አለችና ማስመሪያዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

ሚስትየዋ ወደ ታች ወረዱ። እንደገና ተጫነ። ስልሳ አንድ ረድፍ ገብቷል አለ። ባለሙያው እጁን ከቁልፎቹ ላይ አንስቶ ወደ ኋላ ተለጠጠ፣ እትዬ ማስመሪያም መዝገቧን ዘጋች። ምሳ በሉ። ያን ጊዜ የሆነ ሰው መጥቶ ሥራው አላለቀም ቢላቸው የሚያምኑት አይመስለኝም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሲስተር መጣች። በሽተኞቹን የሚያመጣው መኪና በየሰፈሩ ስለሚዞር፣ ሰው በየሰፈሩ ተቆጥሮ ይሰጠኝ ብላ ነበር፤ ባለሙያው አትሞ ሰጥቷታል። ወረቀቱን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ። ይሄ እንደ ላዩ የሚባለው ሰፈር የት ነው? ሠላሳ አራት ሰው አለበት። አንድ መኪና አይበቃውም።»

ባለሙያው ወረቀቱን ከእጇ ተቀበለ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ አንድ ነገር ጻፈና ተጫነ፤ ትከሻው ዝቅ ሲል እትዬ ማስመሪያ ከኋላው አየችው።

«ዓይንም አለ» አለ ቀስ ብሎ። «የሃያ ዘጠኝ ሰው ዓይን እንደ ላዩ ነው።»

«ታዲያ ምን አለበት፣ ከላይ ያለውን ያየዋላ።»

«ከላይ የለም እትዬ።»

«እንዴት ነው ከላይ የሌለው?»

«ሰንጠረዥ ስንለው እንጂ ላይና ታች የለውም። ሰዎቹ ከረጢት ውስጥ እንዳለ ነገር ናቸው። በስም ስጠራቸው በስም ይሰለፋሉ፣ በዕድሜ ስጠራቸው በዕድሜ። አንዱ ከአንዱ በላይ ተቀምጦ አይቆይም። ሁሉም የየራሱን ተሸክሞ ነው መግባት ያለበት።»

«ይሄን ጠዋት ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ሲያነቡ ዝም ብዬ ጻፍኩ። እርስዎስ ጭረት ከማድረግ ቢጽፉት ምን ነበረበት?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ያነበበው ሁሉ ገብቶታል።»

«ያነበበው ሰው ነበራ።»

ሲስተር ወደ ጣሪያው አየች። «እኔ የምሄደው ወደ ሥራዬ ነው፣» አለች፣ «አሥር ሰዓት ግን አሥር ሰዓት ነው።» በሩ አልገጥም ብሏት ሁለቴ ጎተተችው።

ባለሙያው ጃኬቱን አወለቀ። መጀመሪያ በተራ ቁጥር ደርድሮ ከላይ ከላዩ ሊገለብጥ ሞክሮ ነበር፤ ወደ መጨረሻ የወረዱት ሚስት ግን ከባላቸው ሥር ተነስተው ከማያውቁት ሰው ሥር ስለገቡ፣ የማያውቁት ሰው ሰፈር ሊሆኑ ሆነ። ያን ጊዜ ተወው። «ከምለጣጥፈው አጥፍቼ እንደ አዲስ ባስገባው ይሻላል። አሁን ግን እንደ ላዩ የምትለዋን ቃል እንዳይነግሩኝ። ሙሉውን ያንብቡልኝ፣ እባክዎ።»

ሙሉውን ማንበብ ጀመረች። ጭረት ባጋጠማት ቁጥር ጣቷን ወደ ላይ እየላከች፣ የሰፈሩን ስም አግኝታ እየተመለሰች። ሰፈሩ ደህና ሄደ። ሁለት መቶ ሠላሳ ላይ ደረሰች። የሚታከመው ዓይን፣ ግራ። ግን «ግራ» የሚለው በቀይ ነው የተጻፈው። ከሥሩ በሰማያዊ «ቀኝ» ተብሎ ነበር፣ ተሰርዟል። የሰረዘችው ራሷ ናት፣ የክሊኒኩ ሐኪም ድጋሚ አይቶ አርሚ ብሏት። ከሥሩ ደግሞ፣ ከሁለት መቶ ሠላሳ አንድ እስከ ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት፣ ስምንት ሰው፣ ጭረት፣ ጭረት፣ ጭረት።

ጣቷ እዚያው ቀረ።

«ምነው እትዬ?»

«ቆይ ልጄ።»

እነዚህን ሰዎች ስትጽፍ ከላያቸው የነበረው «ቀኝ» ነው? ወይስ «ግራ» ብላ ካረመች በኋላ ነው የጻፈቻቸው? ወይስ ግማሹን ፊት፣ ግማሹን ኋላ? ቀን አልጻፈችበትም። ያንን ሁሉ መስመር አስምራ፣ ያንን ሁሉ ጽሑፍ አሳምራ፣ ያረመችበትን ቀን አልጻፈችም። አንዱን ሰው ስታርም ከሥሩ የተደገፉት ስምንት ሰዎች አብረው እንደዞሩ ያወቀችው ገና አሁን ነው። ከስምንቱ መጨረሻ ደግሞ ወንድሟ ነው።

«ካርዳቸውን እንይዋ» አለ ባለሙያው፣ ነገሩን ስታስረዳው።

«ካርዱ ባለፈው ሳምንት በካርቶን ታሽጎ ሐኪሞቹ ጋ ሄዷል።»

«ዓይን የሚለውን ባዶ ልተወው እንዳልል ባዶ አይቀበልም። ባዶ እንዳይቀበል ያደረግኩትም እኔው ነኝ» አለና ግንባሩን ያዘ። «ለስምንቱም ሁለቱም ዓይን ብዬ ልሙላ?»

«ካርዱ አንድ ዓይን እያለ ዝርዝሩ ሁለት ካለ ይመልሷቸዋል።»

«ቀኝ እንበልና ዕድላቸው ነው።»

«አንተ የዓይንህን ዕድል ትጥላለህ?»

ይህን ብላ ስልኩን ወደ ራሷ ሳበች። ሰዓቱ ስምንት ከሃምሳ ነበር።

የመጀመሪያዋ ሴት ወዲያው አነሳች። «የምትጠይቂኝ የሚያየውን ነው የማያየውን?»

«የማያየውን፣ የሚታከመውን።»

«ቀኙ። ደህና ነሽ ግን? የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ሁለተኛው ሰውዬ ሐኪሙ ያውቀዋል፣ ሐኪሙን ጠይቂው አሉ። እሷም እሺ፣ ቀኝ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ አለቻቸው። «ጨፈንኩ።» ምን ይታይዎታል? «ምንም፣ ጨለማ ነው።» እንግዲያስ ግራው ነው አለች። «በስልክ አየሽኝ ማለት ነው?» አሉ፣ በጣም ተገርመው። ሦስተኛው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ግራ ስትይ ከእኔ በኩል ነው ከአንቺ በኩል ብለው ጀመሩ፣ የጥያቄዋን አጠያየቅ እስኪያርሙላት ድረስ ስድስት ደቂቃ ሄደ። አራተኛዋ አሥር ወር ጠብቄ ዛሬ ነው የምትጠይቂኝ ብላ ተቆጣች፣ ተቆጥታም መለሰች። አምስተኛው ስልካቸው ዝግ ነው፤ ሦስቴ ተደውሎ፣ በመጨረሻ ሚስታቸው ከገበያ ገብታ ከፈተችው። ስድስተኛውና ሰባተኛዋ ቶሎ መለሱ።

እሷ ስትደውል ባለሙያው ከታች ያሉትን ሰዎች ራሱ ከመዝገቡ እያነበበ ይጽፍ ነበር፤ ጽሑፉ ለማንበብ ቀላል ነው አለ፣ ሳትጠይቀው። ሰባቱ ሰዎች ተደምረው አራቱ ቀኝ፣ ሦስቱ ግራ ሆኑ። ሁሉንም ቀኝ ብለው ቢሆን ሦስት ሰው፣ ሁሉንም ግራ ብለው ቢሆን አራት ሰው ለከርሞ ነበር።

«አንድ ቀረን» አለ። ዘጠኝ ተኩል አልፏል። «ሁለት መቶ ሠላሳ ስምንት። ልብስ ሰፊው። ይደውሉላቸው።»

«ወንድሜ ነው።»

«ውይ፣ እንኳን ወንድምዎ ሆኑ። እንግዲያ ይንገሩኛ።»

አብራው ትኖራለች። ምግብ ታቀርብለታለች፣ ደረጃ ሲወርድ ክንዱን ትይዛለች፣ መንገድ ሲሻገር ታቆመዋለች። ዓይኗን ጨፈነችና ፊቱን ልታመጣው ሞከረች። ሲያናግራት አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፤ ወደ የት? ፊት ለፊቷ ሲሆን የእሱ ቀኝ የእሷ ግራ ነው፣ ገለበጠችው፣ መልሳ ገለበጠችው፣ ተምታታባት። የወንድሟን ተራ ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ስልክ፣ ሰፈር ታውቃለች። ዓይኑን አታውቀውም።

ደወለች። አያነሳም። ደግማ ደወለች። አያነሳም። ባለሙያው ሰዓቱን እያየ፣ ለማለት እየከበደው፣ «እትዬ፣ ስልሳው ሰው ዝግጁ ነው። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ካቆየኋቸው እና ሰዓቱ ካለፈ ሁሉም ሊቀሩ ነው» አላት።

«ስልሳውን አስገባቸው።»

«እሳቸውስ?»

«አስገባቸው አልኩህ።»

ተጫነው። ስልሳ ረድፍ ገብቷል። እትዬ ማስመሪያ ስክሪኑን አላየችም፣ ለሦስተኛ ጊዜ እየደወለች ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ስምንት። ተነሳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ምነው ስልክ አታነሳም?»

«ዜና ላይ ነኝ። ስንት ጊዜ ነው የምትደውዪው፣ ቤት ተቃጠለ?»

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የሚታከመው ዓይንህ የትኛው ነው?»

ከወዲያ ሬዲዮው ሲቀነስ ተሰማት።

«ምን አልሽኝ?»

«የትኛው ዓይንህ ነው፣ ቀኙ ነው ግራው?»

«አብረን አይደለም የምንኖረው?»

«አብረን ነው።»

«ራት ስንበላ ፊት ለፊቴ አይደለም የምትቀመጪው?»

«ጋሼ፣ ሰንጠረዡ አሥር ሰዓት ይዘጋል። ሰዉ ሁሉ ገብቷል፣ አንተ ብቻ ነህ የቀረኸው።»

«ገምቺ።»

«በናትህ።»

«በናትህ አትበይኝ፣ እናትሽም ናት።»

ባለሙያው ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። ዘጠኝ ከሃምሳ አንድ።

«እኔ ልንገርሽ» አለ ሰፊው፣ ድምፁ ከቁጣው ወረድ ብሎ። «ደረጃ ስትወጪ ግራ እግርሽን ትንሽ ትጎትቻለሽ። ከዚህ ከወንበሬ ሆኜ እሰማዋለሁ። ዝናብ ሊመጣ ሲል ይብስሻል። ተናግረሽ አታውቂም፣ እኔም ጠይቄሽ አላውቅም፣ ግን አውቀዋለሁ። ሳላይ ነው የማውቀው።»

ስልኩን ከአንድ ጆሮዋ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«መዝገቡን ነበር የማየው ጋሼ» አለች። «አንተን እንዳየሁህ መስሎኝ ነበር።»

ተነፈሰ፣ ሰፊዎች ክር ሲቋጥሩ እንደሚተነፍሱት።

«ቀኙ ነው። ግራው ጥላ ጥላውን ይለያል። ቀኙ ከተደፈነ ቆይቷል። ቀኝ ብለሽ ጻፊ።»

«ቀኝ» አለች ወደ ባለሙያው ዞራ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቃት፣ መዝገቡን ሳታይ፣ ሰባቱንም ዓምድ አንድ በአንድ ተናገረች፤ ቁጥሩን፣ ስሙን፣ የአባታቸውን ስም ለይታ፣ ዕድሜውን፣ ሰፈሩን ሙሉውን፣ ስልኩን፣ ቀኝ ዓይን። ባለሙያው ቅንፍ ከፍቶ ጻፈ፣ ዘጋ፣ ተጫነ።

ቀይ።

«ምን ሆነ አሁን?»

«አይዞዎት፣ የእኔ ነው። የጥቅሷን ምልክት ከፍቼ አልዘጋኋትም።» ሁለቴ የተሳሳተ ቁልፍ ነካ፣ አጠፋ፣ ጻፈ፣ ተጫነ።

አንድ ረድፍ ገብቷል አለ።

አሥር ሰዓት ሲሞላ ሰንጠረዡ ተዘጋ። ሲስተር በሩን ከፍ አድርጋ ገፍታ «አለቀ?» አለች፣ ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ባለሙያው ጃኬቱን ለብሶ ትኬቱን ዳበሰ። ሊወጣ ሲል ቆም አለና «እትዬ፣ የሚቀጥለውን መዝገብ ሲያሰምሩ ያችን ጭረት ይተዉልኝ» አላት። «አንተም ሰው ሲያነብልህ እየሰማህ ጻፍ» አለችው። በዚህ ተለያዩ፣ ያኮረፈም አልነበረም።

ቤት ስትገባ ወንድሟ ራት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ተቀመጠች፣ ሳትበላ። አየችው። ቀኝ ዓይኑ መሃሉ ላይ ውሃ እንደነካው ወተት ደብዘዝ ብሏል፤ ግራው ዳር ዳሩን ብቻ። እንዲህ ግልጽ ሆኖ እዚያው ነበረ።

«ምን አፈጠጥሽብኝ?» አለ፣ ትንፋሿ ሲቀርበው።

«እያየሁህ ነው።»

«ገና አሁን? ራቱ እየቀዘቀዘ ነው።»

በወሩ ሐኪሞቹ መጡ። ካርዱና ዝርዝሩ ተስማማ፣ ቀኙ ተሠራለት። የመጀመሪያውን ቀን ያስቸገረው ዓይኑ አልነበረም፤ እህቱ አርጅታ ማግኘቱ ነው ያስደነገጠው ይባላል፣ እሱም አልደበቃትም።

ይኸው ነው ልጆቼ። እንግዲህ ተነሱ፣ እግራችሁም ሳይደነዝዝ አልቀረም። አንዲት ነገር ግን እለምናችኋለሁ፤ የአንድ ሰው ስም ወረቀት ላይ ይሁን ኮምፒውተር ላይ ስታሰፍሩ፣ ሙሉውን አድርጋችሁ ጻፉት፣ ከላዩ ያለው ሰው ላይ አታስደግፉት። ዛሬ ማታ ደግሞ ፊት ለፊታችሁ የሚቀመጠውን ሰው አንዴ ቀና ብላችሁ እዩልኝ። ይቺን አስታውሱልኝ።